የዶሮ ነጋዴው የጀርመን ቴምብሮች

ሳያነብ «ይሄ ምንም አይደለም» የሚል ሰው ያናድደኛል። አንብቦ ቢንቅ ግድ የለኝም፤ መብቱ ነው። ሳያነብ የሚንቅ ግን ደሜን ያፈላዋል። በዚህ ጠባዬ ብዙ ሰው ተቀይሞኛል፣ ደንበኛም አጥቼበታለሁ። አሁን የማወራው ግን ተናድጄ ስላልተጸጸትኩበት አንድ ጉዳይ ነው።

ያን ጊዜ ሲኒማ ራስ አጠገብ ደብተርና እስክሪብቶ እሸጥ ነበር። ሱቋ ጠባብ ስለነበረች ደንበኛ ውጭ ቆሞ ነው የሚገዛው። ቴምብር መሰብሰብ የጀመርኩት ተማሪ ሳለሁ፣ ከውጭ ደብዳቤ የሚመጣላቸውን ጎረቤቶች ፖስታቸውን እየለመንኩ ነው። እናቴ ዶሮ ተራ ዶሮና እንቁላል ትሸጣለች። «ወረቀት ትሸጫለሽ፣ ወረቀት ትሰበስቢያለሽ፣ መጨረሻሽ ወረቀት ማግባት ነው» እያለች ታሾፍብኝ ነበር። ሠላሳ ዓመቴን አልፌ ስላላገባሁ ቀልዱ ትንሽ ትንሽ ይቆረቁረኝ ነበር፤ ግን አልተውኩም።

አልበሙን ያገኘሁት ምናለሽ ተራ ነው። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። ሰው ቤቱን የሚያራግፍበት ጊዜ ነበር፤ የሄደው ይሄዳል፣ የተመለሰው የቆየውን ዕቃ ያወጣል፣ ቆራሌዎች ደግሞ ያንን ሁሉ ተሸክመው ምናለሽ ተራ ያመጡታል። እኔ ለመጠቅለያ የሚሆን አሮጌ ጋዜጣ ልገዛ ሄጄ ነው። ያን ሰሞን የግል ጋዜጣ እንደ አሸን ፈልቶ ስለነበር አሮጌ ጋዜጣ እንደ ልብ ይገኛል። ከክምሩ ሥር ጠርዙን አይጥ የቀመሰው፣ ጠንካራ ቡናማ ሽፋን ያለው መጽሐፍ ብቅ ብሎ አየሁ። ሳወጣው የቴምብር አልበም ነው። ገለጥኩት። ከዳር እስከ ዳር ጀርመን ነው።

ሻጩ ፊቴን አይቶ «እትዬ፣ እሱ ከጋዜጣው ጋር አይመዘንም፣ ለብቻው ነው» አለኝ። ልቤ እየመታ «ይሄን አይጥ የበላውን?» አልኩት። ተከራከርን፣ ሄድኩ፣ ጠራኝ፣ ተመለስኩ። ይዤው ወጣሁ።

አብዛኞቹ ገጾች ላይ ያለችው አንዲት ሴት ናት። ዘውድ ደፍታለች፣ ደረቷ ላይ የብረት ጥሩር ለብሳለች፣ ወደ ጎን ትመለከታለች። ጀርመኖች እሷን በቀይ፣ በአረንጓዴ፣ በሰማያዊ፣ በቡናማ እያደረጉ ለብዙ ዓመት አትመዋታል። አኩራፊ ነገር ናት፤ ገና ሳያት ወደድኳት። በመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ ደግሞ ከእሷ በኋላ የመጡት፣ ገንዘባቸው ረክሶ ዋጋው በሚሊዮን የተጻፈባቸው ቴምብሮች አሉ።

እኔን የያዘኝ ግን ቴምብሮቹ ብቻ አይደሉም። ከእያንዳንዷ ቴምብር ሥር በእርሳስ የተጻፈ ነገር አለ። በእኛው ፊደል፣ በእኛው ቁጥር፣ ጉንዳን በምታህል ጽሕፈት። «ኮክ. እ. ፀ» ይላል አንዱ ጋ። «ገብ. ቄ.» ይላል ሌላ ጋ። «ቀይ እ. ፲፪ እን.» ይላል። ስም የለ፣ ፊርማ የለ። የመጀመሪያው ገጽ፣ ምናልባት ስም የነበረበት፣ ተቀድዶ ወጥቷል።

አንድ ዓመት ሙሉ አልተፈታልኝም። መጀመሪያ ጀርመንኛ በእኛ ፊደል የተጻፈ መስሎኝ መዝገበ ቃላት ተዋስኩ። «ገብ.» የሚል የጀርመን ቃል ፍለጋ ስንት እሑድ አቃጠልኩ። ቀጥሎ የከተማ ስም ነው ብዬ ካርታ ገዛሁ። ደግሞ ከብዙዎቹ ሥር ዓመተ ምሕረት አለ፤ እሱም ቴምብሯ ላይ ካረፈው የፖስታ ቤት ማኅተም ጋር አይገጥምም፣ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይጎድላል። ሰውየው ማንበብ አይችልም ማለት ነው ብዬ ንቄው ነበር። አንድ ቀን የራሴን የልደት ወረቀት ለፓስፖርት ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሳዞር ነው የባነንኩት። እሱ ከፈረንጅ ወደ እኛ አዙሮ ነው የጻፈው። ማኅተሙን አንድ በአንድ በዓይኑ ለቅሞ፣ ወሩንና ዓመቱን ወደ እኛ መልሶ። ማንበብ የማይችለው ማን እንደሆነ ሲገባኝ አፈርኩ።

ከዚያ «ገብ.» ገብስማ መሆኑ መጣልኝ። የዶሮ ነጋዴ ልጅ ሆኜ ይህን ያህል መቆየቴ ያሳፍራል። ገብስማ ነጭና ግራጫ የተቀላቀለባት ዶሮ ናት። «ወሰ.» ወሰራ ሆነ፣ «ዛጎ.» ዛጎልማ ሆነ፤ ሁሉም የዶሮ ቀለም ነው። በደስታ ጮህኩ። ጧፍና ሻማ የምትሸጠው የጎን ጎረቤቴ ምን ሆንሽ ብላ መጣች። አነበብኩላት። ፊቷ ተለዋወጠ።

«ገብስማ፣ ወሰራ፣ ቀይ!» አለች እያማተበች። «ይሄ እኮ ጠንቋይ ያዘዘው የዶሮ ዝርዝር ነው! ቁጥሩስ? የሰውየው ኮከብ ነው። በማርያም ይዤሻለሁ፣ ዛሬውኑ አውጪልኝ፤ ግድግዳችን አንድ ነው።»

እንዲህ አይነት ስህተት ሌላ አገር አይሠራም። እኛ ዘንድ ግን የዶሮ ቀለም በጽሑፍ ከተገኘ ጠንቋይ ነው፣ አለቀ። እኔም ብሆን አልዋሽም፣ ትንሽ ፈራሁ። አልበሙን በፌስታል ጠቅልዬ ሁለት ቀን ከወንበሬ ሥር አስቀመጥኩት። በሦስተኛው ቀን በፍርሃቴ ተናደድኩና ይዤው ዶሮ ተራ ሄድኩ።

እናቴ አንዲት ዶሮ ገልብጣ ይዛ የደረቷን ላባ በትንፋሿ እየከፈተች ለገዢ ታሳያለች። ገዢው እስኪሄድ ጠበቅኩ። እጇን በሽርጧ ጠርጋ አልበሙን ተቀበለችኝ። ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ቀስ ብላ ግን አጥርታ ታነባለች። ጽሑፉን ግን አላነበበችም። መጀመሪያ ያየችው ቴምብሮቹን ነው፤ ዘውድ የደፋችው ሴት በቀይ የታተመችበትን ገጽ።

«እነዚህ ምንድን ናቸው ትያለሽ?» አለችኝ።

«አንድ ዓይነት ናቸው፤ ቀይ ናቸው።»

«ዓይን የለሽም? ይቺ ቀይ ናት። ይቺም ቀይ። ይቺ ኮክማ ናት፣ ቀይዋ ወደ ብርቱካን የሚሄድ። ይቺም ኮክማ።» ጣቷን ሳታስነካ በአየር ላይ እየጠቆመች ሄደች። ከሥራቸው ያለውን አነበብኩ። ቀይ ባለችው ሥር «ቀይ»፣ ኮክማ ባለችው ሥር «ኮክ.» ይላል። አንድም አልሳተችም። እሷ ሰውየውን አታውቀውም፣ እሱ እሷን አያውቃትም፤ ዓይናቸው ግን አንድ ገበያ የዋለ ዓይን ነው።

ለቴምብር ሰብሳቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ያቺ ሴት የታተመችባቸው ቀለሞች በትንሽ ትንሹ ይለያያሉ፤ በደህናው ጊዜ የታተመችው በጥሩ ቀለም፣ በጦርነቱ ጊዜ የታተመችው በተገኘው ቀለም ነው። ትልልቆቹ የጀርመን ካታሎጎች እየከፋፈሉ የሚለዩት ይህንን ነው። ይህ ሰው ካታሎግ አልነበረውም። የነበረው የዶሮ ላባ ነው።

«ጠንቋይ ነው ይላሉ» አልኳት።

«ማን? ያቺ ጧፍ ሻጯ?» አሁን ጽሑፉን አንብባ ሳቀች። «ጠንቋይ ቄብ ነች እናት ነች ብሎ ይጽፋል? ጠንቋይ እንቁላል በፀሐይ አይቶ ያውቃል? ይሄ ሰው የእኛ ሰው ነው።»

እዚያው ቅርጫቶቹ መሃል ተቀምጠን ጀመርን። «ቄ.» ቄብ ናት፤ ገና እንቁላል ያልጣለች ዶሮ። ያ ማለት ደብዳቤ ላይ ያልተለጠፈች፣ ማኅተም ያላረፈባት ቴምብር። «እ.» እናት ናት፤ ሥራዋን የሠራች፣ የተላከች። «ፀ» ደግሞ ፀሐይ። እናቴ እንቁላል ስትገዛ በጭብጧ ውስጥ አድርጋ ወደ ፀሐይ ታነሳዋለች፤ ውስጡ ጥላ ካለበት ትመልሳለች። እሱም ቴምብሯን እንዲሁ ወደ ብርሃን እያነሳ፣ ወረቀቱ ውስጥ የተሸሸገውን ምልክት አይቶ መሆን አለበት። ሰማያዊና አረንጓዴ ዶሮ ስለሌለ እዚያ ጋ ምን እንዳደረገ ለማወቅ ቸኮልኩ። «ጭራ» ብሏል። እናቴ ወዲያው አንዱን አውራ ዶሮ በእግሩ ጎትታ ጭራውን በብርሃን ላይ አገላበጠችው፤ በአንድ ጎን አረንጓዴ፣ በአንድ ጎን ሰማያዊ ሆነ። ገዢዎች ቆመው ያዩን ነበር። አብደዋል ሳይሉን አልቀሩም።

«፲፪ እን.» አሥራ ሁለት እንቁላል ነው። በአንዱ ገጽ ላይ ሙሉውን ጽፎታል፦ «ከዶክተሩ ቤት፣ በ፲፪ እንቁላል»። አንድ ጀርመናዊ ሐኪም ቤት እንቁላል ያቀርብ ነበር ማለት ነው። ገንዘብ አልተቀበለም። ከደብዳቤው ላይ የተቀደደውን ቴምብር ስጡኝ ብሎ ነው። ስለዚያ ሰው ከዚህ የበለጠ የማውቀው ነገር የለም። መቼ እንደሞተ አላውቅም፣ ልጆች እንደነበሩትም አላውቅም።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። በመጨረሻው ገጽ ላይ አንዲት ቴምብር አለች። ገንዘባቸው በረከሰበት ጊዜ ጀርመኖች በአሮጌው ቴምብር ላይ አዲሱን የሚሊዮን ዋጋ በጥቁር ቀለም ደርበው ያትሙ ነበር። ሳይላኩ የቀሩት እልፍ ናቸው፤ እውነት ደብዳቤ ላይ ሄደው ማኅተም ያረፈባቸው ግን ጥቂት። ስለዚህ ሰብሳቢ የሚፈልገው የተላከችውን ነው፤ አጭበርባሪም ባልተላከችው ላይ የውሸት ማኅተም ይመታል። የእኛዋ ላይ ያረፈው ማኅተም ክብ፣ ጥርት ያለ፣ መሃሏ ላይ የተቀመጠ ነው። ከአልበሙ ሁሉ ጌጧ እሷ ነበረች። ከሥሯ እንዲህ ይላል፦ «ጉሮ. ጫጩቷ ከእናቷ ቀደመች። ፴ እን. ተሞኘሁ።»

እናቴ ስታነበው ሳቋ ጠፋ።

«ጉሮሮዋን ሞልተዋታል ነው የሚለው» አለች። «ገበያ ከመውጣታቸው በፊት በቆሎና ውሃ እየጋቱ ጉሮሮዋን ይሞሉታል። ስታነሻት ከበደች፣ ወፈረች ትያለሽ። ስትታረድ ላባና አጥንት ናት። እዚህ ተራ ስንቱ ነው እንዲህ የሚሠራው። እኔ ባለመሥራቴ ስንት ደንበኛ ሄዶብኛል።»

ጫጩቷንና እናቷን ለመፍታት ወደ ቀኖቹ ተመለስን። ዋጋው ያልተደረበባት፣ መሠረቷ የሆነችው ቴምብርም እዚያው በብዙ ቅጂ አለች፤ የሁሉንም ማኅተም አየን። ዋጋ የተደረበባት ቴምብር ማኅተም ከሁሉም በብዙ ወር ይቀድማል። መሠረቷ ገና ሳትወጣ፣ ዋጋ የተደረበባት ደብዳቤ ላይ ሄዳለች ማለት ነው። ጫጩት ከእናቷ በፊት አትፈለፈልም። ሰውየው ይህንን በዶሮ ነጋዴ ጭንቅላቱ ደርሶበት፣ ሠላሳ እንቁላል ያወጣባትን ጌጥ ውሸት ናት ብሎ በገዛ እጁ መሰከረባት። አልጣላትም። አልሸጣትም። ጽፎባት አስቀመጣት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ አልበም የእኔ ብቻ አልመሰለኝም። አደራ ሆነብኝ።

በከተማው ውስጥ ቴምብር የሚሰበስቡ ሰዎች ማኅበር ነበራቸው። እሑድ እሑድ መርካቶ ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ክፍል ይሰበሰባሉ። ሁለት ዓመት በእንግድነት ሄጃለሁ፤ ሴት እኔ ብቻ ነኝ። ወንበር ይሰጡኛል፣ ወሬያቸውን እሰማለሁ፣ አባል ልሁን ስል «እስቲ ይታያል» ይሉኛል። አባል የሚኮነው በዓመታዊው ዐውደ ርእይ ላይ የራስን ስብስብ አቅርቦ ሲያልፍ ነው። እንደማልመኘው ሆኜ መታየት እወድ ነበር፤ ውሸት ነው። በጣም እመኘው ነበር።

ሊቀመንበሩ ጀርመን ተምሮ የመጣ፣ ጸጉሩ የሸበተ መሐንዲስ ነው። ፊት ለፊት «ጋሼ» እና «እርስዎ» እለው ነበር። እዚህ ግን አንቱ አልለውም፤ ንዴቴ አልበረደም። አልበሙን ሳሳየው መነጽሩን ከፍ አድርጎ አገላበጠ። ቴምብሮቹን ወደዳቸው፤ ፊቱ ይናገር ነበር። ከዚያ ጽሑፉን አየ።

«ምንድን ነው ይሄ ቆሻሻ? ዓመተ ምሕረቱ እንኳ ሁሉም ስህተት ነው» አለ።

«ወደ እኛ አዙሮት ነው ጋሼ።»

አሰበ፣ ገባው፣ ግን አላመነም። «ይሁን» አለ። አጭር አጭሩን ቃልም ፈታሁለት። «ገብስማ፣ ቄብ... እህቴ፣ ይሄ የጠንቋይ መዝገብ ይመስላል። እንግዶች ይመጣሉ፣ ፈረንጆችም ይመጣሉ። ንጹሕ ላጲስ ገዝተሽ ሁሉንም አጥፊና አምጪው። ጠረጴዛ እሰጥሻለሁ። አባልነቱም አያስቸግርም።» ከዚያ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠ። ያቺን ቴምብር በማጉያ መነጽሩ ብዙ አያት። «ይቺ ደግሞ የዐውደ ርእዩ ንግሥት ትሆናለች» አለ።

«ውሸት ናት» አልኩት። «ከሥሯ ተጽፏል።»

«ማን ነው የጻፈው?»

«ዶሮ ነጋዴ።»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። አንዱ ከኋላ «ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» አለና ሳቁ እንደገና ተነሳ። ሊቀመንበሩ ራሱ ባይስቅ ኖሮ ላልፈው እችል ነበር። ሳቀ። ማስታወሻውን ወደ ዓይኑ እንኳ አላቀረበውም።

እቤት ሄጄ ላጲስ አነሳሁ። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ሱቄ ውስጥ ስንት ደርዘን ላጲስ እያለ ምርጡን መርጬ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ላይ አንዷን «ገብ.» ጠረግኩ። በቀላሉ ጠፋች። ወረቀቱ ላይ የቀረው ነጭ ጠባሳ ነው። አሥራ ሁለት እንቁላል ተሸክሞ የሄደ ሰው የአንድ ቀን ሥራ፣ በአንድ እጅ ጠረጋ ጠፋ። እንዲህ ቀላል መሆኑ ነው ያስደነገጠኝ። ሁለተኛዋ ላይ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ።

እናቴ ጠባሳውን አይታ አልጮኸችብኝም። «ምን ሰጡሽ?» ብቻ አለችኝ።

«ጠረጴዛ። አባል ያደርጉኛል።»

«ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት» አለች። «ሰውየው እኮ ሞቷል። ውሸታም ብታደርጊው ተነስቶ አይከራከርሽም። ያቺን ጽሑፍ ካጠፋሽ ጉሮሮ የሞላው እሱ ነው የሚሆነው። እሱ ደግሞ አልሞላም።»

ከዚህ በኋላ የማስበው ነገር አልቀረኝም። የጠረግኳትን «ገብ.» በራሴ ጽሕፈት መልሼ ጻፍኳት፤ የእኔ መሆኗ እንዲታወቅ ከአጠገቧ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ብዬ ጨመርኩ።

የዐውደ ርእዩ ቀን እሑድ ጠዋት አልበሙን እንዳለ ይዤ ወደ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሄድኩ። በአንድ ሰፊ ካርቶን ላይ መፍቻውን በትልልቅ ፊደል ጽፌያለሁ፦ ገብስማ፣ ኮክማ፣ ወሰራ፣ ቄብ፣ እናት፣ ፀሐይ፣ ጭራ፣ ጉሮሮ። በሩ ላይ የቆመው የማኅበሩ ጸሐፊ አልበሙን ገለጥ አድርጎ «ጽሑፉ ይጠፋል ተባብለን አልነበረም እንዴ?» አለኝ። ሊቀመንበሩ ከውስጥ በጣቱ አይሆንም አለ። ጠረጴዛዬ ባዶውን ተዘጋጅቶ ይታየኛል፤ ነጭ ጨርቅ ሳይቀር አልብሰውታል።

የመርካቶ ልጅ ጠረጴዛ ከተከለከለ ምን እንደሚያደርግ ይታወቃል። ከአጥሩ ውጭ፣ ከመግቢያው አጠገብ ላስቲክ ዘረጋሁ። አልበሙን በባዶ የቢራ ሳጥን ላይ አስቀመጥኩ፣ ካርቶኑን አጥሩ ላይ አሰርኩ። እናቴ የበዓል ነጠላዋን ለብሳ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። መንገዱ የሁላችን ነው፤ ማን ያስነሳኛል?

የመጀመሪያው የቆመልን ሸክሙን አራግፎ የሚመለስ ወዛደር ነው። መፍቻውን አነበበና ሳቀ። «ጀርመኖች ዶሮ ይሸጣሉ እንዴ?» አለ። አስረዳሁት። ጎንበስ ብሎ አየና «ይቺ ኮክማ ናት፣ ልክ ነው» አለ። ከዚያ ሌላው መጣ። ከጎጃም በረንዳ እህል ጭኖ የመጣ ጋሪ ገፊ ጋሪውን አቁሞ ከእናቴ ጋር ስለ ወሰራ ተከራከረ፤ በመጨረሻ ተረታላት። አንዲት ሴትዮ ነጠላ ልትገዛ ሸማ ተራ እየሄደች ቆማ ቀረች። አንድም ሰው ጠንቋይ አላለም። ወደ አዳራሹ የሚገቡት እንግዶችም መቆም ጀመሩ፣ የቆሙትም መግባቱን ረሱት። እኔ ድምፄን አልቀነስኩም። የአዳራሹ መስኮት ክፍት እንደሆነ አውቅ ነበር።

ሊቀመንበሩ ወጣ። ካታሎጉንና ማጉያ መነጽሩን ይዟል። ሰው መንገድ ከፈተለት። ምንም ሳይል የመጨረሻውን ገጽ ገለጠና አጎነበሰ። ማኅተሙን አየ፣ ካታሎጉን ገለበጠ፣ እንደገና ማኅተሙን አየ። መሠረቷ የሆነችው ቴምብር የወጣችበት ቀን ካታሎጉ ውስጥ አለ። ቀና ሲል ፊቱ ሌላ ነበር።

«ማኅተሙ ይቀድማል» አለ ቀስ ብሎ።

«ጫጩቷ ከእናቷ ቀድማለች ጋሼ» አልኩት። ሰው ሳቀ፤ ያሁኑ ሳቅ የእኛ ነበር።

«እሺ» አለ። «ልክ ነሽ። አልበሙን ይዘሽ ግቢ፤ ጽሑፉም ይቆይ። የዚህችን ብቻ በብጣሽ ወረቀት ሸፍኚያት። የዐውደ ርእዩ መዝጊያ ገጽ ነች፤ ተሞኘሁ ብሎ ሲያልቅ አያምርም።»

ሲኒማ ራስ ድረስ ይሰማ እንደሆነ አላውቅም፣ ጮህኩ። «አያምርም? ሠላሳ እንቁላል አውጥቶ መታለሉን ማንም ሳያስገድደው ጽፏል! ደብቆ መሸጥ ይችል ነበር። እኔን ማታለል ይችል ነበር፤ ቴምብሯ እርስዎን እንኳ አታልላዎት ነበር! ሌላውን ሁሉ የማምንለት በዚህች አንድ መስመር ነው። አልሸፍንም። መግባቱም ይቅር፣ አባልነቱም ይቅር፤ እዚሁ ነኝ።»

የጮህኩት ከንዴት ብቻ አልነበረም። ጠረጴዛው አሁንም በበሩ በኩል ይታየኝ ነበር። እናቴ ዶሮ እንደምትገምት አድርጋ ሊቀመንበሩን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። እሱም ዞሮ ገባ። ጋሪ ገፊው «ያቺን መስመር እስቲ ድገሚልን» አለኝ። ደገምኩላቸው።

ጥቂት ቆይቶ ሊቀመንበሩ ተመልሶ ወጣ። ካታሎጉን ትቶ የራሱን አልበም በደረቱ አቅፏል። ከአዳራሹ መሃል፣ ከዋናው ጠረጴዛ ላይ ያነሳው ነው። አጠገቤ መጣና ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ይቺን እይልኝ» አለ። የእኛዋው ዓይነት ቴምብር ናት፤ የሚሊዮን ዋጋ የተደረበባት። የእሱ ማኅተም ከእኛዋ ይልቅ ጥርት ያለ ነው። ከጀርመን ገዝቷት የመጣ፣ በየዓመቱ የሚያሳያት ጌጡ እንደሆነች አውቃለሁ። ማጉያ መነጽሩን ተቀብዬ አየሁ። ቀኑን ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ፤ የእሱም ጫጩት ከእናቷ ቀድማለች።

ለሰው ሁሉ ልጮኸው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ያን የእሑዱን ሳቅ መመለሻ ጊዜው ያ ነበር። ቀና ስል ግን ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል፤ መልሱን ያውቀዋል። እያወቀ ይዟት ሰው ፊት የወጣ ነው። ከጆሮዬ ላይ እርሳሴን አውጥቼ ሰጠሁት።

ሊቀመንበሩ ያን ሁሉ ሕዝብ አልፎ መንገዱ ላይ፣ የቢራ ሳጥኑ ጋ በጉልበቱ ተንበረከከ። አልበሙን አስደግፎ እርሳሱን ከቴምብሯ ሥር አስጠጋ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«እንዴት ብሎ ነበር የሚያሳጥረው?» አለኝ።

«ጉሮ. ብሎ» አልኩት። «ነጥቧን እንዳይረሷት።»